ሦስት ሃይላንድ የቦርከና ውሃ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ቆሻሻ ናቸው። ደሴንና ዙሪያዋን በሳኒታሪያንነት (በአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያነት) 31 ዓመት ስዞር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ይህ ጉዳይ ሲነሳ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ሌሎቹን ጥያቄዎች ለሚቀጥለው ወር አቆይቼ ገጹን በሙሉ ለአራት ደብዳቤዎች ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? እኔ ሐርቡ አካባቢ የቦርከናን ወንዝ በሞተር እየሳብኩ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ሰላጣ የማለማ ገበሬ ነኝ። በበጋ ውሃው አንዳንድ ቀን ይጠቁራል፤ አንዳንድ ቀን አረፋ ደፍቆ ይወርዳል፤ ሽታውም አያስጠጋም። ስብሰባ ላይ ስንጠይቅ አንዱ «ጥፋቱ የፋብሪካዎቹ ነው» ይለናል፤ ሌላው «የደሴ ሰው ቆሻሻውን ወንዝ እየደፋ ነው» ይለናል። ማንን እንመን? ይህን ውሃ የጠጣ አትክልት ለሰው ብሸጥስ አላህ ፊት ወንጀል አይሆንብኝም?
የሐርቡ ገበሬ

መልስ፦ አብሽር ልጄ። የሚበላውን ሰው አስበህ መጠየቅህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለቱም አልዋሹህም፤ ሁለቱም ግን የራሳቸውን ድርሻ ዘለው ነው የነገሩህ። ቦርከና ከኩታበር በኩል ተነስቶ ደሴን አቋርጦ ያልፋል። ከደሴ ኮምቦልቻ በመኪና መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ቁልቁለቱ ግን 600 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ በደረቁ ቦይ የተጣለ ሁሉ የመጀመሪያው የክረምት ጎርፍ ሲመጣ ተጠራርጎ ይወርዳል፤ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የፋብሪካው ይጨመርበታል። አንተ ሞተርህን የምታስነሳው የሁለት ከተማ ሸክም ላይ ነው።

ልዩነቱን በዓይኔ ያየሁበትን ልንገርህ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በአንድ የካቲት ሦስት ባዶ ሃይላንድ ይዤ ወንዙን ተከትዬ ወረድኩ። አንዱን ከከተማው በላይ ሞላሁ። ሁለተኛውን ከደሴ በታች፣ ሦስተኛውን ደግሞ ከአንድ ፋብሪካ ቱቦ ዝቅ ብዬ ቀዳሁ፤ የፋብሪካውን ስም እዚህ አልጠራም። ሦስቱንም ቤቴ መስኮት ላይ ደርድሬ አሳደርኳቸው። ጠዋት የመጀመሪያው ጭቃው ከታች ረግቶ፣ ውሃው ጥርት ብሎ ቆየኝ። ሁለተኛው ላይ ስስ ቅባት ተንሳፎበታል፤ ክዳኑን ከፈት ሳደርገው የተበላሸ እንቁላል ሽታ አፍንጫዬን መታው። ሦስተኛው አልጠራም። ሰማያዊ ነበር፤ በማግስቱም ሰማያዊ፣ በሳምንቱም ሰማያዊ። የልጅ ልጄ የሥዕል ቀለም መስሏት ብሩሿን ልትነክርበት ስትል ነው ከእጇ የነጠቅኳት።

ሁለተኛው ጠርሙስ የእኛ የቤት ቆሻሻ ነው። የምግብ ትርፍራፊ፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የእርድ ደምና ፈርስ። ይህ የሚበሰብስ ነገር ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ረቂቅ ተሕዋስያን ይበሉታል፤ ሲበሉት ግን በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣውም እንቁራሪቱም ታፍኖ ይሞታል። ኦክስጅን ሲያልቅ ያለ አየር የሚኖሩት ተሕዋስያን ተራውን ይረከባሉ፤ ያ የእንቁላል ሽታ የእነሱ ሥራ ነው። ከዚህ ጋር የታይፎይድ፣ የኮሌራና የወስፋት ዘር አብሮ ይወርዳል። ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ሆኖም ከላይ መድፋቱ ቢቀንስለት ወንዙ በድንጋይ ላይ እየተንከባለለ አየር ስቦ ራሱን ማከም ይችላል። ፈጣሪ ለወንዝ ይህን ጸጋ ሰጥቶታል።

ሦስተኛው ጠርሙስ ሌላ ነገር ነው። ልብስ ላይ ያለው ቀለም ፀሐይና ሳሙና እንዳያስለቅቀው ተብሎ የተቀመመ ነው፤ እንዲህ ያለው ቀለም ወንዝ ውስጥ በሁለት ቀን ይጠፋል ብሎ ማን ይጠብቃል? ብርሃን ወደ ውሃው ሆድ እንዳይገባ ይጋርዳል፤ ከሥር ያለው አረንጓዴ ነገር ይሞታል። ከቀለም የባሰው ደግሞ ብረት ነው። ቆዳ ክሮም (ክሮሚየም) በሚባለው ብረት ሲለፋ፣ በተለመደው አሠራር ከሚጨመረው ክሮም ሲሶ ገደማው ቆዳው ውስጥ ሳይገባ ከውሃው ጋር ይወጣል። ክሮም አይበሰብስም። ተሕዋስያን አይበሉትም፤ ጊዜም አይፈታውም። ውሃው ቢያልፍ እሱ ጭቃው ውስጥ ይቀራል፤ ዓመት በዓመት ላይ ይደራረባል። በኮምቦልቻ በኩል ወደ ቦርከና በሚገቡ ጅረቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ክሮሚየም፣ መዳብ፣ ዚንክና እርሳስ አግኝተዋል።

እንግዲህ ማንን እንመን ላልከው፣ ትልቁ ጥፋት መቀላቀሉ ነው እልሃለሁ። የሚበሰብሰው ለብቻው ቢያዝ ማዳበሪያ ነው። ክሮሙ ለብቻው ቢያዝ ገንዘብ ነው፤ የክሮሙን ውሃ ከሌላው ፍሳሽ ሳይደባልቁ በተለየ ገንዳ ሰብስቦ፣ አዝቅጦና በአሲድ አሟሙቶ እንደገና ቆዳ ማልፋት የታወቀ ሥራ ነው። ሁለቱ አንድ ቦይ ውስጥ ከተገናኙ ግን ማዳበሪያውም መርዝ፣ ክሮሙም ብክነት ይሆናል። ለዚህ ነው «ወንዙ ትልቅ ነው፣ ያቀጥነዋል» የሚለኝን ሰው የማልሰማው። በበጋ ቦርከናን አንተ በጫማህ ትሻገረዋለህ፤ ምን ውሃ አለውና ነው የሚያቀጥነው? ብረት ደግሞ ቢቀጥንም ጭቃው ላይ መጠራቀሙን አይተውም።

በሥራ ዘመኔ አንድ ፋብሪካ ልንቆጣጠር ገባን። የማጣሪያ ገንዳው አለ፣ አጥሩ ነጭ ተቀብቷል፣ በሩ ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። አየር የሚነፋውን ሞተር ጠጋ ብዬ ሳየው ሸረሪት አድርቶበታል። ለምን እንደቆመ ስንጠይቅ «መብራት ይበላል» ተባልን። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ያን ቀን ከገንዳው በታች ሁለት ሴቶች ጎመን እያጠቡ ነበር። አይቻልም እንዳይባል ደግሞ ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲገነባ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ ለፋብሪካዎቹ የሚያውል ጣቢያ አብሮ ተሠርቶለታል።

ወደ አትክልትህ ልመለስ። ሰላጣውን በዚህ ውሃ ማልማት ተው። ቅጠላቸው የሚበላ እንደ ሰላጣ፣ ጎመንና ቆስጣ ያሉት ብረትን ከሌላው አብልጠው ይሰበስባሉ፤ ሰላጣ ደግሞ ጥሬውን ስለሚበላ ተሕዋስያኑም በቀጥታ ሰው ሆድ ይገባል። ማጠብ ላዩን ያነሳል እንጂ ውስጥ የገባ ብረት አያወጣም፤ መቀቀልም እንደዚያው፣ ተሕዋስያኑን ይገድላል፣ ክሮሙን አይነካም። ጉድጓድ ወይም ምንጭ ካለህ ቅጠላ ቅጠሉን ወደዚያ አዙር። ቲማቲሙን በተመለከተ ውሃውን በቦይ ሥሩ ላይ ልቀቅለት እንጂ ቅጠሉና ፍሬው ላይ አትርጨው፤ ከመልቀምህ በፊትም ሳምንት ሁለት ሳምንት ውሃውን አቋርጥ። ውሃው ቀለም ይዞ በሚወርድበት ቀን ሞተርህን አታስነሳ። አንድ ቀን ቢጠማ አትክልቱ አይሞትም።

ቀኑንና ሰዓቱንም ደብተር ላይ ጻፈው። ይህ ለምን እንደሚጠቅምህ ልንገርህ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው፣ እኔ ራሴ ተጎድቻለሁ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በካይ በሆነ ሁሉ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት የማለት መብት ይሰጠዋል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። «ውሃው ይሸታል» ብለህ ከምትሄድ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ይህን ቀለም ይዞ ወረደ» የሚል የሦስት ወር ደብተር ይዘህ፣ ጎረቤቶችህን አስፈርመህ ብትሄድ የሚሰማህ ይበዛል። ከአንተ በታች ከሚሴ አለች፣ ከዚያም ጨፋ አለ፤ በበጋ አፋሩም ኦሮሞውም ከብቱን ይዞ የሚወርድበት ረግረግ። ደብተሩ ለእነሱም ጭምር ነው።

ጥያቄ፦ ደሴ ሆጤ ነው የምኖረው። የማኅበሩ ልጆች ጋሪ ይዘው በሳምንት አንዴ ይመጣሉ፣ አንዳንዴም ይቀራሉ። ስለዚህ ፌስታሉንና ወረቀቱን ማታ ማታ ግቢ ውስጥ አቃጥለዋለሁ፤ ቢያንስ መንገድ ላይ አልጣልኩም እላለሁ። ትንሹ ልጄ ግን ሳል አልለቅ አለው። ደግሞ «ለዩ» ይሉናል፤ ጋሪው ላይ ሁሉም አንድ ላይ ከተደባለቀ እኔ መለየቴ ምን ዋጋ አለው?
የሆጤዋ እናት

መልስ፦ እታለም፣ ማቃጠሉን ከዛሬ ማታ ጀምረሽ አቁሚው። ልጁንም ሐኪም ቤት ውሰጂው፤ ሳሉ ከጭሱ ይሁን ከሌላ እኔ ከዚህ ሆኜ ልፈርድ አልችልም።

የግቢ እሳት ፕላስቲክን አንድዶ አይጨርሰውም፤ ሙቀቱ አይበቃም። ያ ጥቁር ወፍራም ጭስ ያልተቃጠለው ክፍል ነው። በተለይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስና ፒቪሲ ቱቦ ሲቃጠሉ ዳይኦክሲን የሚባለውን መርዝ ያወጣሉ። ዳይኦክሲን በሣርና በአፈር ላይ ያርፋል፣ ከብቷ ትግጠዋለች፣ በወተትና በቅባት ተመልሶ ቤት ይገባል። የዚያን አመድ ጓሮ ላይ እንዳትበትኚው፤ ዕቃም እንዳታጥቢበት።

መለየቱ ዋጋ አለው ወይ ላልሽው፣ በጋሪው ከሆነ ልክ ነሽ፣ ድካምሽ ከንቱ ነው። እኔ የምልሽ ግን ጋሪው ሳይደርስ ነው። በከተሞቻችን ከቤት ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው፤ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የአትክልት ግንጥል፣ የጫት ገራባ። እሱ ከግቢሽ አይውጣ። ሃይላንዱን፣ ቆርቆሮውንና ጀሪካኑን ለቆራሌው ወይም ለልዋጭ አስቀምጪ፤ እነዚያ ልጆች ከማናችንም በላይ ለከተማችን የደከሙ ናቸው፣ ቡና ስታፈዪ ብትጠሪያቸው አይበዛባቸውም። የባትሪ ድንጋይና የተሰበረ ፍሎረሰንት አምፖል ልጅ በማይደርስበት ጣሳ ውስጥ ለብቻው ይቀመጥ፤ እሳትም ጉድጓድም አይንካው። ይህን ሁሉ ካነሳሽ በኋላ ለጋሪው የሚተርፈው በጣም ትንሽ ነው። በሳምንቱ ቢቀርም አይሸትሽም፤ የሚሸተው የሚበሰብሰው ነበርና።

ስለ ፌስታል አንድ ያየሁትን ልጨምር። ሳላይሽ አካባቢ የአንዲት ጎረቤታችን ላም ነበረች፣ ሦስት ልጆች የምታሳድግባት። መብላት ተወች፣ ሆዷ ተነፋ፣ በአራተኛው ቀን ወደቀች። ሲከፍቷት አጠገቡ ቆሜ ነበር። ጨጓራዋ ውስጥ እንደ ገመድ የተጎነጎነ፣ ግራጫ፣ እርጥብ ነገር ተቋጥሯል። ባለ ሥጋው በሁለት እጁ ሲጎትተው አልወጣ ብሎ በቢላ እየቆረጠ አወጣው። ሲዘረጋ ፌስታል ነው፤ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፤ አንዱ ውስጥ ገና ያልተፈጨ ገራባ እንደታሰረ አለ። ላሟ የፈለገችው ገራባውን ነበር፤ እጅ ስለሌላት ቋጠሮውን ልትፈታ አልቻለችም፣ ከነፌስታሉ ዋጠችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ገራባ በፌስታል አስሮ የሚጥል ሰው ሳይ ዝም ብዬ አላልፍም። ቢያንስ ፍቱት፤ ገራባው ለፍየል ይሁን።

የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ገና ያኔ ነው ቀጫጭን ፌስታል የከለከለው፣ የቤት ኃላፊም እንዲለይ ያዘዘው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ዘንቢልሽን ከማጀት አውጪው እንግዲህ። ቆሻሻው «ከተማ ውጭ ሄደ» ሲባል ጠፋ ማለት እንዳልሆነም አንርሳ፤ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የተቆለለው ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ገድሏል። እነዚያ ሰዎች የሞቱት ሁላችንም ከደጃችን ባስነሳነው ነገር ሥር ነው።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ከተማ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሐይቁ ዳር ሰዎች ልብስ በዱቄት ሳሙና ያጥባሉ። መምህራችን ይጎዳል አለን፣ አባቴ «ሐይቁን የሚያህል ውሃ በአንድ ጣሳ ሳሙና ምን ይሆናል?» አለኝ።
ተማሪው

መልስ፦ ውሃው ወንዝ ቢሆን ኖሮ አባትህ ጥቂት እውነት ይኖራቸው ነበር። የሐይቅ ሐይቅ ግን ከላይ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ውሃው ወደ ሰማይ ይተናል፣ የገባበት ነገር ግን አይተንም። የዛሬው ጣሳ በትናንቱ ላይ ይጨመራል። በዱቄት ሳሙና ውስጥ ፎስፌት ካለ ለውሃ ውስጥ አረንጓዴ አልጌ እንደ ማዳበሪያ ነው፤ አልጌው ይበዛል፣ ሲሞት ይበሰብሳል፣ ሲበሰብስ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይበላል። ልብሱን ከዳር 50 እርምጃ ያህል ርቆ ማጠብና ውሃውን አፈር ላይ መድፋት ይበቃል፤ አፈሩ ብዙውን ይይዘዋል። ለአባትህ ግን በአክብሮት ንገራቸው።

ጥያቄ፦ እኔ የአንድ ቅሬ (ዕድር) ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው የጻፉትን አንብበን 40 አባወራ ሆነን የጋራ የኮምፖስት ጉድጓድ ቆፈርን። በሁለት ሳምንቱ ሸተተ፣ ዝንብ ወረሰው፣ አሁን አባላቱ ድፈኑት እያሉን ነው። ምን አጠፋን?
የቅሬው ጸሐፊ

መልስ፦ እባካችሁ አትድፈኑት። ቅሬያችሁ ለቀብር ብቻ ሳይሆን ለዚህም መሰብሰቡን ሳነብ እንባዬ ነው የመጣው።

ሽታው የሚመጣው አየር ሲያጣ ነው፤ ልክ እንደዚያ እንደ ሁለተኛው ጠርሙስ። የከተማ ቆሻሻ እርጥቡ ይበዛል፣ ደረቁ ያንሳል። አሁን አውጥታችሁ ገልብጡትና እንደገና ንብር በንብር መልሱት። ከታች የተቆራረጠ የማሽላ አገዳ ወይም ጭራሮ ይነጠፍ፣ አየር እንዲገባ። በላዩ እርጥቡ አንድ ስንዝር፣ ከዚያ ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል አንድ ስንዝር፣ ከዚያ ስስ የእበትና የአፈር ልባስ። የእንጨት አመድ ከሆነ ትንሽ ይነስነስበት፤ ፌስታል የተቃጠለበት አመድ ፈጽሞ አይግባ። ገራባም ይገባል፤ እንጨቱን ግን ሰባብሩት። ሥጋና አጥንት፣ የታመመ ከብት ፈርስ፣ የሕፃን ዳይፐር አይግባ።

እርጥበቱን ለማወቅ ከመሃሉ አንድ እፍኝ ዘግናችሁ ጨብጡት። በጣታችሁ መሃል ጠብ ጠብ ካለ ደህና ነው። ከፈሰሰ ገለባ ጨምሩ፤ ምንም ካልወጣው ውሃ ርጩበት። አንድ ረጅም ቀጥ ያለ እንጨት እስከ መሃሉ ሰክታችሁ ተዉት፤ በሳምንቱ ስታወጡት ለእጅ የሚሞቅ ከሆነ እየበሰለ ነው። ከቀዘቀዘ መገልበጥ ይፈልጋል። በየሦስት ሳምንቱ ብትገለብጡት በደሴ ብርድ ከአራት እስከ አምስት ወር ይፈጃል፤ ኮምቦልቻና ባቲ በኩል ያላችሁ ቶሎ ይደርስላችኋል። ሲበስል ጥቁር ይሆናል፣ ዝናብ የመታው አፈር ይሸታል፣ ልጣጩም ከገራባው አይለይም።

ከ40ው ቤት አንዱ ፌስታል ሲጥልበት ብታዩ ስብሰባ ላይ ስሙን አንሥታችሁ አታሳፍሩት፤ ሁለት ሴቶች ቡና ጠጡ ብለው ይሂዱለት። እስኪበስል ድረስ ደግሞ አፉን በግራር እሾህ ሸፍኑት፤ የጦሳ ተራራ ጅብ ሽታ ተከትሎ ነው የሚመጣው፣ ሌሊቱን ቆፍሮ ያሳድራችኋል።